መስመሩ ባዶ፣ ሰርቨሩ ቀዝቃዛ፣ ድረ ገጹ ግን የማይከፈት

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ ሆቴል የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። እንግዶች ክፍልና ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄድ ጀልባ የሚያስይዙበት ድረ ገጻችን የሚሠራው እዚሁ ግቢ ባለ ሰርቨር ነው፤ ሴንትኦኤስ 6 የሚባለው ሊኑክስ፣ ድረ ገጹን የሚያቀርበው ፕሮግራም አፓቼ 2.2፣ 8 ጊጋባይት ራም። ጥምቀት ሲቃረብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ድረ ገጹ መከፈት ያቆማል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ ራሙም አልሞላም፣ የኢንተርኔት አቅራቢያችን መስመራችሁ ባዶ ነው ይለናል። አፓቼን አጥፍተን ስናስነሳው ለጥቂት ደቂቃ ይሠራና እንደገና ይቆማል። የስህተት መዝገቡ ‹የማክስክላየንትስ ወሰን ላይ ተደርሷል፤ ወሰኑን ከፍ ማድረግ ያስቡበት› ይላል። ዕቃ አቅራቢው አዲስ ሰርቨር ግዙ ብሎናል። አለቃዬ ደግሞ ጎረቤት ሆቴል ሰው ቀጥሮብን ነው ይላሉ። ምን ይሻላል?»

ምላሽ፦

አዲስ ሰርቨር አይግዙ፤ መስመሩንም አያሳድጉ። የጻፏቸው ምልክቶች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚያመለክቱት የአቅም ማነስን ሳይሆን ገደብ የሌለው ትዕግሥትን ነው፤ አንድ ሰው ይህንን ትዕግሥት ተጠቅሞ ስሎውሎሪስ የሚባለውን ጥቃት እየሰነዘረባችሁ ይመስላል። ሰርቨርዎ ደክሞ አልወደቀም። ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው፤ የሚጠብቀው ደግሞ መቼም የማይመጣ ነገር ነው። መድኃኒቱ የሚገኘው ከአሠራሩ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ላስረዳ።

አንድ ስልክ ድረ ገጽዎን ሲከፍት ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት ይመሠርትና ጥያቄውን በጽሑፍ ይልካል። የመጀመሪያው መስመር የሚፈልገውን ገጽ ይናገራል። ተከትለውት የሚመጡት መስመሮች ራስጌ ይባላሉ፤ የትኛው ድረ ገጽ እንደተፈለገ፣ አሳሹ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በየትኛው ቋንቋ መልስ እንደሚፈለግ ይገልጻሉ። ራስጌው ማለቁ የሚታወቀው በአንዲት ባዶ መስመር ነው። ያቺ ባዶ መስመር እስክትደርስ ድረስ አፓቼ ጥያቄው ገና አላለቀም ብሎ ይጠብቃል። አጥቂው የሚያደርገውም ይህንኑ መጠቀም ነው፤ ጥያቄውን ይጀምራል፣ በየጥቂት ሰከንዱ አንዲት ትርጉም የሌላት የራስጌ መስመር ይጨምራል፣ ባዶዋን መስመር ግን አይልካትም።

ይህ በእርስዎ ሰርቨር ላይ ለምን ይከብዳል? አፓቼ 2.2 በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚሠራው ፕሪፎርክ በሚባለው ስልት ነው። ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ሙሉ ሂደት (ለብቻው የሚሮጥ የፕሮግራሙ ቅጂ) ይመደባል፤ ሂደቱም የያዘውን እንግዳ ሳይሸኝ ሌላ አይቀበልም። የሂደቶቹ ቁጥር ሲበዛ በነባሪው፣ ማለትም ሰው ካልቀየረው፣ 256 ነው፤ ማክስክላየንትስ የሚባለው ወሰን ይኸው ነው። ስለዚህ 256 ያላለቁ ጥያቄዎች ድረ ገጹን ሙሉ በሙሉ ይዘጉታል። ለጥምቀት ክፍል ለመያዝ ከአዲስ አበባ የሚሞክረው ቤተሰብ ወረፋ ላይ ይንጠለጠልና አሳሹ ሲታክተው «ገጹ አልተገኘም» ይለዋል።

በጀልባ ማረፊያው መስኮት ውስጥ የተቀመጠውን ትኬት ቆራጭ ያስቡት። ፊቱ የቆመው ሰው «ወደ…» ብሎ ዝም ይላል። ቆራጩ ተስፋ ቆርጦ ቀጣዩን ሊጠራ ሲል «ዘጌ…» ይላል፤ እንደገና ዝም። ቆራጩ አልደከመም፣ ትኬትም አላለቀበትም፣ ጀልባውም ባዶውን ቆሟል፤ ወረፋው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ለዚህ ችግር ሌላ መስኮት መክፈት ምን ይፈይዳል? እዚያም ተመሳሳይ ሰው ይቆማል።

አቅራቢያችሁ «መስመሩ ባዶ ነው» ያለው እውነቱን ነው። ሒሳቡን እናስላው። 256 ግንኙነቶች በየ10 ሰከንዱ 60 ባይት ቢልኩ በሰከንድ 1.5 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። በማንኛውም የመስመር መለኪያ ላይ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ብዙ ሰው አገልግሎት የማስተጓጎል ጥቃት ሲባል በጎርፍ የሚመጣ፣ መስመር የሚያጥለቀልቅ ብቻ ይመስለዋል፤ እንዲህ ያለው ግን አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ደካማ ኢንተርኔት ይበቃዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮበርት ሃንሰን የተባለ የደህንነት ባለሙያ ስሎውሎሪስ ብሎ የሰየመውን ማሳያ ፕሮግራም ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በጁን 2009 ነው። በዚያው ሰሞን በኢራን ከተካሄደው ምርጫ ማግሥት የመንግሥት ድረ ገጾችን ለማስተጓጎል ዋለ። በዓለም አቀፉ የተጋላጭነት መዝገብ ላይ ሲቪኢ 2007-6750 በሚል ቁጥር ሰፍሯል፤ መዝገቡም ጥፋቱን የሚያያይዘው ከ2.2.15 በፊት የነበሩ የአፓቼ ስሪቶች የጥያቄ ንባብን በጊዜ የሚገድበውን ሞጁል ካለመያዛቸው ጋር ነው። ልብ ይበሉ፣ እዚህ ላይ ፕሮግራመሩ የተሳሳተ ስሌት አልጻፈም፤ ሰርቨሩን የሚያንኮታኩት ክፉ ፊደልም የለም። አፓቼ ለሁሉም እንግዳ ጨዋ ሆኖ ተሠራ፣ ጨዋነቱ ወሰን አልተበጀለትም፤ ክፍተቱ ይኸው ነው።

«የጊዜ ገደብማ አለው፣ ታይምአውት የሚል መስመር የአፓቼ ማስተካከያዎች በሚጻፉበት የውቅር ፋይል ውስጥ አይቻለሁ» ይሉኝ ይሆናል። አለው። በአፓቼ 2.2 ነባሪው 300 ሰከንድ፣ በ2.4 ደግሞ 60 ሰከንድ ነው፤ በእርስዎ ማሽን ላይ የሊኑክስ አዘጋጆቹ ቀይረውት ሊሆን ስለሚችል የውቅር ፋይሉን ከፍተው ይዩት። ይህ ገደብ ግን የሚለካው በሁለት መልእክቶች መካከል ያለውን ዝምታ እንጂ የጥያቄውን ጠቅላላ ዕድሜ አይደለም። አዲስ ነገር በደረሰ ቁጥር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ገደቡ 60 ሰከንድ ከሆነ አጥቂው በየ50 ሰከንዱ ጥቂት ባይት እየላከ ሲፈልግ እስከ ንጋት ይቆያል።

አሁን ወደ ስህተት መዝገቡ እንምጣ፤ በጥያቄዎ ውስጥ በጣም የከነከነኝ እሱ ነውና። «ወሰኑን ከፍ ማድረግ ያስቡበት» የሚለው ምክር የመጣው ከራሱ ከአፓቼ ስለሆነ ሰው ያምነዋል፤ ዕቃ አቅራቢውም አዲስ ማሽን ለመሸጥ የተጠቀመበት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። መልእክቱ የተጻፈው ደንበኛ በዝቶበት ለሚጨናነቅ ሰርቨር ነው። በእናንተ ሁኔታ ወሰኑን ወደ 1000 ቢያሳድጉት አጥቂው 1000 ግንኙነት ይከፍታል፤ ጭማሪው እሱን በሰከንድ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ያስወጣዋል። እርስዎን ግን ምን እንደሚያስወጣ ይመልከቱ። አሁን ራሙ ያልሞላው የታሰሩት ሂደቶች ሥራ ስላልጀመሩ ነው። እነዚህ ሂደቶች የማስያዣውን ፒኤችፒ ፕሮግራም ማስኬድ ሲጀምሩ እያንዳንዳቸው 30 ሜጋባይት ቢፈልጉ 1000ው 30 ጊጋባይት ይጠይቃሉ፤ እርስዎ ያለዎት 8 ነው። እስካሁን የተኛው ሰርቨር ያኔ ከልቡ ይወድቃል። (ሌላም አለ፦ በፕሪፎርክ ስልት ሰርቨርሊሚት የሚባለው መስመር አብሮ ካልተነሣ ማክስክላየንትስን ከ256 በላይ መጻፍ ለውጥ አያመጣም። ብዙ ሰው ቁጥሩን ቀይሮ «ምንም አልረዳም» የሚለው ለዚህም ነው።)

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አፓቼ ሰርቨር ስታተስ የሚባል የራሱ ሁኔታ መግለጫ ገጽ አለው፤ ከውስጥ መረብ ብቻ እንዲታይ አድርገው ያብሩት። ገጹ ላይ እያንዳንዱ ሂደት በአንድ ምልክት ይወከላል። ሥራ ፈቶ እንግዳ የሚጠብቀው ከታች በምትሰመር ሰረዝ ይታያል፤ መልስ በመላክ ላይ ያለው በእንግሊዝኛዋ «ደብልዩ»፣ መልስ ሰጥቶት የጨረሰውን እንግዳ ለተጨማሪ ጥያቄ የሚጠብቀው በ«ኬ»፣ ጥያቄ በማንበብ ላይ ያለው በ«አር»። ንባብ በጤናማ ሰርቨር ላይ የዓይን ጥቅሻ ታህል ጊዜ ስለምትወስድ «አር» አልፎ አልፎ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። የእርስዎ ገጽ ከላይ እስከ ታች በ«አር» ከተሞላ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። አንድ ችግር አለ፤ ሂደቶቹ ሁሉ ሲታሰሩ ይህንን ገጽ የሚያሳይዎትም ሂደት አይኖርም። ስለዚህ አመሻሹ ላይ፣ ገና ከመዘጋቱ በፊት፣ ገጹን ከፍተው በየጊዜው ያድሱት፤ «አር» እንዴት እየተባዛች እንደምትሄድ በዓይንዎ ያዩታል።

ሰዓቱ ካመለጠዎት በሊኑክሱ ተርሚናል ኤስኤስ በሚባለው ትዕዛዝ የድረ ገጽ ጥያቄዎች በሚገቡባቸው በ80 እና በ443 በር ላይ የተከፈቱ ግንኙነቶችን ዘርዝረው በአይፒ አድራሻ ይቁጠሯቸው። ይህ በአፓቼ ላይ አይመረኮዝም፤ ሰርቨሩ ታስሮም ይሠራል። ሦስተኛው ምልክት የጎብኚ መዝገቡ ዝምታ ነው። አፓቼ መዝገብ ላይ የሚጽፈው ጥያቄው ሲያልቅ ስለሆነ ጥቃቱ እየተካሄደ መዝገቡ ባዶ ይሆናል። እስከ 19 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ሕያው የነበረው መዝገብ በድንገት ይደርቅና፣ አጥቂው ሲለቅ ወይም ገደቡ ሲያልፍ 400 (የተበላሸ ጥያቄ) ወይም 408 (ጊዜው ያለፈበት ጥያቄ) የሚል ቁጥር ያላቸው መስመሮች በአንድ ጊዜ ይጎርፋሉ።

408 ያየ ሁሉ ግን ጥቃት ነው ብሎ አይጩህ። ክሮም ያሉ አሳሾች ተጠቃሚው ሊጫነው ይችላል ብለው ለሚገምቱት ገጽ አስቀድመው ግንኙነት ይከፍታሉ፤ ሳይጠቀሙበት ሲቀሩ ያው 408 ይመዘገባል። በቀን ውስጥ ተበታትነው የሚታዩት የዚህ ዓይነቶቹ ናቸው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መቶና ሁለት መቶ ሆነው የሚወርዱት ግን የአሳሽ ልማድ አይደሉም።

ዛሬ ማታ ሊያደርጉት የሚችሉት ይህ ነው። የጥያቄ ንባብን በጊዜ የሚገድበው ሞድ ሬክታይምአውት የሚባለው ሞጁል በማሽንዎ ላይ መኖሩን ከሞጁሎች ዝርዝር ያረጋግጡ። ከ2.2.15 ጀምሮ የአፓቼ አካል ነው፤ በ2.2 ግን ሪኩዌስት ሪድ ታይምአውት የሚለውን መስመር ራስዎ ካልጻፉለት አንዳች አይሠራም። የ2.4 ነባሪ ልክ ለእናንተም ይስማማል፦ ለራስጌ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ፣ ለጥያቄው አካል (ከራስጌው በኋላ ለሚላከው ይዘት) 20 ሰከንድ፣ ለሁለቱም ዝቅተኛ ፍጥነት በሰከንድ 500 ባይት።

ይቺን ዝቅተኛ ፍጥነት በደንብ ይረዷት፤ ሥራው ሁሉ ያለው እሷ ጋ ነው። ደንበኞቻችሁ ቀብድ በባንክ ልከው የደረሰኙን ፎቶ በድረ ገጹ ያስገባሉ ብዬ እገምታለሁ፤ የአብዛኛው ሆቴል አሠራር ይኸው ነውና። አስጎብኚው ከዘጌ በሚመለስ ጀልባ ላይ ተቀምጦ 3 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ በደካማ ሞገድ ይልካል እንበል፤ በሰከንድ 5 ኪሎባይት ብቻ። ሙሉውን ለመላክ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። ዝም ብለው «ማንም ከ20 ሰከንድ በላይ አይቆይ» የሚል ደንብ ቢያወጡ ይህን ምስኪን በየጊዜው ይቆርጡታል፤ እሱም ሆቴሉን ትቶ ሌላ ይፈልጋል። ዝቅተኛ ፍጥነት ሲታከልበት ግን 500 ባይት በደረሰ ቁጥር ገደቡ በአንድ ሰከንድ ይራዘማል። አስጎብኚው በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች 50,000 ባይት ልኳል፤ በዚህም 100 ተጨማሪ ሰከንድ አትርፏል። ሐይቁ መሐል ሞገዱ ለ25 ሰከንድ ቢጠፋበት እንኳ ሰርቨሩ ይጠብቀዋል። አጥቂው በ10 ሰከንድ 60 ባይት ስለሚልክ ያተረፈው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ 20ኛው ሰከንድ አካባቢ ይባረራል። ዘገምተኛውን ደንበኛ ከዘገምተኛው አጥቂ የሚለየው ይህ ስሌት ነው፤ ከዚህ የተሻለ መለያ በዚያ ዕድሜ ባለው አፓቼ ላይ አላውቅም።

አብረው ታይምአውትን ወደ 30 ሰከንድ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ሒሳብ ክፍሉን ይጠይቁ። ይኸው ገደብ አፓቼ ከጀርባ ፕሮግራሞች መልስ የሚጠብቅበትንም ጊዜ ሊነካ ይችላል። የወር መጨረሻ ሪፖርት በዚያው ሰርቨር ላይ ተሠርቶ ለመውጣት አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ መሐል ላይ ይቋረጥና በአጥቂው ምትክ ሒሳብ ሹሟ ትደውልልዎታለች።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጥበትን አንድ መፍትሔ አልመክርም፤ ከአንድ አይፒ አድራሻ ከ10 ግንኙነት በላይ እንዳይከፈት በፋየርዎል መከልከልን። ሐሳቡ ጤናማ ይመስላል፣ መማሪያ መጻሕፍትም ይጽፉታል። በሞባይል ኔትወርክ ላይ ግን በርካታ ስልኮች በአንድ የውጭ አድራሻ ሊወጡ ይችላሉ፤ እንግዶቻችሁ የሚያስይዙት ደግሞ በአብዛኛው በስልክ ነው። በጥምቀት ዋዜማ ሃምሳ እውነተኛ ደንበኞች እንደ አንድ ሰው ተቆጥረው አርባው ቢመለሱ አጥቂው ያሰበውን ሥራ እርስዎ ሠሩለት ማለት ነው። የግድ ከሆነ ቁጥሩን ወደ 100 ከፍ አድርገው ለጥቂት ቀን ብቻ ይጠቀሙበት። የሆቴሉ ዋይፋይም እንዲሁ በአንድ አድራሻ የሚወጣ መሆኑን አይርሱ። በነገራችን ላይ ቆጠራው የውስጥ መረብ አድራሻ ካሳየዎት አጥቂው፣ ወይም በቫይረስ የተያዘው ላፕቶፕ፣ ከክፍሎቻችሁ በአንዱ አለ።

ዘላቂው መፍትሔ ኤንጂንኤክስ የሚባለውን ሌላ የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም ከአፓቼ ፊት ማቆም ነው። ኤንጂንኤክስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ሂደት አይመድብም፤ ጥቂት ሂደቶች በሺህ የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን እየተዘዋወሩ ያያሉ፣ የተናገረውን ብቻ ያስተናግዳሉ። የሚጠብቅ ግንኙነት እዚያ የሚይዘው እጅግ ትንሽ ማስታወሻ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄው ተጠቃሎ እስኪደርስ ራሱ ጋ ያቆየዋል፤ ወደ አፓቼ የሚያሳልፈው ያለቀውን ብቻ ነው። አፓቼ ዘገምተኛ እንግዳ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ አያይም። ለዚህ ሥራ ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ ከቢሮ የተነሣ ዴስክቶፕ ላይ ድጋፉ ያላበቃ ሊኑክስ ጭነው ከፊት ማስቀመጥ ይበቃል።

ሲያቆሙት የሚጥሉ ጉድጓዶች አሉ። ኤንጂንኤክስ በነባሪው ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ጭነት አይቀበልም፤ ያ የ3 ሜጋባይት ደረሰኝ 413 የሚል ስህተት ይዞ ይመለሳል፤ እናንተም ጥቃቱ ቆሞ ቀብዱ ለምን እንደጠፋ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። ወሰኑን ወደ 10 ሜጋባይት ያንሡት። ለራስጌ የሚሰጠው ጊዜ 60 ሰከንድ ነው፤ ወደ 15 ያውርዱት። አንድ ሂደት የሚይዘው የግንኙነት ብዛት በነባሪው 512 ብቻ ነው፤ ወደ ጀርባ የሚከፈተው ግንኙነትም አብሮ ስለሚቆጠር ወደ 4096 ያሳድጉት፣ የስርዓቱን የክፍት ፋይሎች ወሰንም አብረው ያንሡ፤ ካልሆነ ኤንጂንኤክስ ራሱ ይሞላል። አፓቼ ከፊተኛው ማሽን በስተቀር ከማንም ግንኙነት እንዳይቀበል በፋየርዎል ይዝጉት፤ ክፍት ከተዉት አጥቂው ዙሮ በጓሮ ይገባል። በመጨረሻም የአፓቼ መዝገብ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳውን ሁሉ በፊተኛው ማሽን አድራሻ ይጽፋል። እውነተኛው አድራሻ ኤክስ ፎርዋርድድ ፎር በሚባለው ራስጌ እንዲያልፍና እንዲመዘገብ ያድርጉ።

ከውጭ አገር ድርጅት የሚገኝ የጥበቃ አገልግሎትስ? ይሠራል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥቃት ግን ከሚያስፈልገው በላይ ነው። እዚያው ሎቢ ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ጥያቄው ከሰርቨሩ ሃያ እርምጃ ላይ ሆኖ ከአገር ወጥቶ እንዲመለስ ሊገደድ ይችላል፤ የውጭ መስመሩ ሲደክም ጣጣው የእናንተ ይሆናል። መስመር የሚያጥለቀልቅ ጎርፍ የመጣ ቀን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ቀን ከግቢ ውስጥ ሆኖ መከላከል ስለማይቻል ያስፈልጋችኋል።

ስለ ማሽኑ ዕድሜም ሳልናገር አላልፍም። የሴንትኦኤስ 6 ድጋፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2020 ነው፤ የአፓቼ 2.2 የመጨረሻ ስሪትም የወጣው በ2017 ነው። ስሎውሎሪስን ያለ ማዘመኛ በውቅር ብቻ ማስታገስ ይቻላል፤ ሌሎቹን ግን ሁሉንም እንዲህ ማስታገስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተገኘው ሲቪኢ 2011-3192 አንድ ፋይል በብዙ ተደራራቢ ቁራጭ እንዲላክ በመጠየቅ ብቻ አፓቼን ራም ያስጨርስ ነበር። በ2015 ባይንድ በተባለው የስም አገልጋይ ላይ የታየው ሲቪኢ 2015-5477 ደግሞ በአንድ ነጠላ ጥቅል ፕሮግራሙን ያወርደው ነበር፤ ለዚያ ማስተካከያውን ከመጫን በስተቀር ማምለጫ አልነበረም። በኦክቶበር 2023 ይፋ የሆነው ሲቪኢ 2023-44487 ኤችቲቲፒ 2ን (አሳሽና ሰርቨር የሚነጋገሩበትን አዲስ ደንብ) ተጠቅሞ ጥያቄ እየከፈተ ወዲያው የሚሰርዝ ነው፤ ጉግል በሰከንድ እስከ 398 ሚሊዮን ጥያቄ የደረሰ ጥቃት ማስተናገዱን አስታውቋል። የእርስዎ አፓቼ ኤችቲቲፒ 2 ስለማያውቅ ይህ አይነካዎትም፤ አዲሱ ኤንጂንኤክስ ግን ያውቃል፣ ስለዚህ ሲጭኑት የቅርቡን ስሪት ይምረጡ። ወደ አፓቼ 2.4 የሚሸጋገሩ ከሆነ ከ2.4.39 ጀምሮ ለምስጠራው የመጀመሪያ ስምምነት የተለየ የጊዜ ገደብ እንዳለና ነባሪው ዜሮ፣ ማለትም ገደብ አልባ፣ እንደሆነ ይወቁ፤ 10 ሰከንድ ይስጡት።

ወደ ጎረቤት ሆቴሉ ስንመጣ፣ አለቃዎን በአክብሮት ያረጋጉልኝ። ከመዝገብ የሚገኘው አድራሻ እንጂ ሰው አይደለም። አድራሻው የተያዘበት ዕቃ የሌላ ሰው ካሜራ፣ ራውተር ወይም ኪራይ ሰርቨር ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱም ምንም ላያውቅ ይችላል። ምሽት መምረጡም ጠላትነትን አያስረዳም። ሆን ብሎ የኮምፒውተር ሥርዓትን አሠራር ማደናቀፍ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ ጥቃቱ ከቀጠለ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና ለፖሊስ ማመልከት ተገቢ ነው። ያው አዋጅ የመልስ ምት ለመሰንዘር ለሚያስብ ሰውም ይሠራል፤ ይህንንም ለአለቃዎ ይንገሩልኝ።

ለማመልከት መዝገቦቹ ሳይነኩ ይቀመጡ፤ አፓቼን ባስነሡ ቁጥር የቆየውን መዝገብ የሚያጠፋ ልማድ ካለ ይቅር። የሰርቨሩ ሰዓት ከመረብ የሚስተካከል መሆኑንም ያረጋግጡ። የእንግዳ ተቀባይ ደብተር «ከምሽቱ 1፡30» ያለው መዝገቡ ላይ 19፡30 ነው፤ ቀኑም በፈረንጆቹ ነው። ሁለቱን አዛምደው በአንድ ወረቀት ካላቀረቡ መርማሪው የስድስት ሰዓት ልዩነት ያለባቸው ሁለት የተለያዩ ክስተቶች አድርጎ ይወስዳቸዋል።

ሥራውን ሲጨርሱ ራስዎ ይሞክሩት። ስሎው ኤችቲቲፒ ቴስት የሚባለው ነጻ መሣሪያ ይህንኑ ጥቃት ይመስላል። ባለቤቱ በጽሑፍ ፈቅደው፣ በሆቴሉ የውስጥ መረብ፣ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ብቻ፣ ማንም በማያስይዝበት ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ 500 ግንኙነት ይክፈቱበት። በሌላ ስልክ ድረ ገጹን ሲከፍቱ እንደ ወትሮው ከመጣ፣ የሙከራው ግንኙነቶችም ከ15 ሰከንድ በኋላ እየተቆረጡ ከወደቁ ተሳክቶልዎታል። መሣሪያው የጥያቄውን አካል እያንጠባጠበ የሚልክና የሰርቨሩን መልስ እያዘገመ የሚያነብ ሁለት ተጨማሪ ስልት ስላለው እነሱንም አይለፏቸው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት «አር» ትበዛለች ብዬ ነው። አመሻሹ ላይ የሁኔታ ገጹን ሲከፍቱ በምትኩ «ደብልዩ» ከሞላበት ጥያቄዎቹ ተነበው አልቀዋል፣ ሂደቶቹ የታሰሩት መልስ በማዘጋጀት ላይ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ከላይ ያለውን ትተው ወደ ዳታቤዙ ይሂዱ፤ በዚያ ሰዓት የሚሮጠውን ረጅም መጠይቅ ይፈልጉ፤ በተለይ የክፍል ክፍት ቀናትን የሚፈልገው ሠንጠረዥ በቀን ማውጫ የተሠራለት መሆኑን ይመልከቱ። «ኬ» ከበዛ ደግሞ ኪፕአላይቭ ታይምአውት (እንግዳውን ለተጨማሪ ጥያቄ የሚጠብቅበት ጊዜ) በ2.2 ነባሪው 5 ሰከንድ ስለሆነ ወደ 3 ያውርዱትና አፓቼን ያስነሡ።